ማዳመጫዬ ለምን ይቆራረጣል? ብሉቱዝ፣ ኤንኤፍሲና ዘመዶቻቸው እንዴት እንደሚሠሩ በስልካችሁ እያያችሁ ተረዱ

ገመድ አልባ ማውሴ ለሁለት ሳምንት ሲያሳብደኝ ከረመ። ቀስቷን ወደ ቀኝ እገፋታለሁ፤ ትዘላለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትዘላለች። ባትሪ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ማውስ ተዋስኩ፣ ያው ነው። ኮምፒውተሩን ልቀይር ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ ቀን ውጫዊ ሃርድ ዲስኬን ስነቅል ማውሱ እንደ ድሮው ሆነ። መልሼ ሰካሁት፤ መዝለሉም ተመለሰ።

ለካ ሃርድ ዲስኩ የሚሰካበት ዩኤስቢ 3 ዳታ በሚያስተላልፍበት ጊዜ ከገመዱና ከመሰኪያው ሾልኮ የሚወጣ የሬዲዮ ጩኸት አለው። ጩኸቱ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢንም ይሸፍናል። የማውሴ መቀበያ ጆሮዋን የጣለችው እዚያው ላይ ነው። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ በልኬት አሳይቷል። መቀበያዋን በማራዘሚያ ገመድ ከሃርድ ዲስኩ ግማሽ ሜትር ያህል አራቅኳት። በዚያው ተገላገልኩ።

ገመድ ሲበጠስ እናያለን። ገመድ አልባ ሲበላሽ ግን የሚታይ ነገር ስለሌለ እጃችን ላይ ያለውን ዕቃ እንቀያይራለን። ስለዚህ እዚህ የምናደርገው የማይታየውን ማየት ነው። ስልክ፣ የብሉቱዝ ማዳመጫ፣ ከተገኘ ደግሞ አንዲት የኤንኤፍሲ ተለጣፊ (ስልክ ሲጠጋት የምትነበብ፣ ቺፕ ያላት) ይበቃችኋል። እያንዳንዱን እርምጃ እያነበባችሁ ሞክሩት፤ ዝም ብሎ ማንበቡ ያን ያህል አይጠቅምም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ገመድ አልባ ዕቃዎች የሚነጋገሩባቸው ስምምነቶች፣ ስታንዳርዶቹ፣ ስማቸው ብዙ ነው። ሁሉም የሚመልሱት ግን ሦስት ጥያቄ ነው። በየትኛው መንገድ እንነጋገር? ማን መቼ ይናገር? ለዚህስ ስንት ባትሪ እናቃጥል? ልዩነታቸው መልሱ ላይ ነው። የሆነ ነገር አልሠራ ሲላችሁም አብዛኛውን ጊዜ የሰነከለው ከሦስቱ አንዱ ላይ ነው። እየሄድን እያንዳንዱን እናገኘዋለን።

1ኛ እርምጃ፦ መንገዱን ማወቅ

ብሉቱዝ፣ ዚግቢ (ብልጥ አምፖሎችና ሴንሰሮች የሚነጋገሩበት)፣ የዋይፋይ አንዱ ክፍልና ብዙ ገመድ አልባ ማውሶች የሚጋሩት ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ያለችውን ጠባብ መስመር ነው። በአብዛኛው ዓለም እዚህ ላይ ለመናገር ፈቃድ አይጠየቅም፤ የኃይል ገደቡን ማክበር ነው። ነፃ መንገድ ስለሆነ ሁሉም ይሄድበታል። ማይክሮዌቭ ምድጃ እንኳ የሚሠራው 2450 አካባቢ ነው። በሩ በደንብ ቢዘጋም የምታመልጥ ትንሽ ኃይል አለች። ለጤና አታሰጋም። ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ለሚያወጣ ማዳመጫ ግን ጆሮው ሥር ቆሞ እንደ መጮህ ነው።

መንገዱን እያንዳንዱ ስታንዳርድ በየራሱ ይሸነሽነዋል። ዋይፋይ ወፍራም ነው፤ አንዱ ቻናል 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ለዚህ ነው ራውተራችሁ ላይ ብዙ የቻናል ቁጥር ብታዩም ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሄዱት 1፣ 6 እና 11 ብቻ የሆኑት። የቆየው ብሉቱዝ፣ ክላሲክ የሚባለው፣ መንገዱን 1 ሜጋኸርዝ በሚሰፉ 79 ቻናሎች ይቆራርጠዋል። በ2010 ከብሉቱዝ 4.0 ጋር የመጣው ቆጣቢው ወንድሙ ቢኤልኢ ደግሞ 2 ሜጋኸርዝ የሚሰፉ 40 ቻናሎች አሉት። ሁለቱ በስም ይጋራሉ እንጂ በቀጥታ አይግባቡም። ስልካችሁ ከሁለቱም ጋር የሚያወራው ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚችል ነው።

አንድ ነገር ጨምሩበት። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሞገድ ውኃ ይመጠዋል። የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስልኩን የኋላ ኪስ ስትከቱ ማዳመጫው የሚንተባተበው እናንተው ራሳችሁ መሀል ገብታችሁ ነው።

2ኛ እርምጃ፦ አየሩን ማዳመጥ

ኤንአርኤፍ ኮኔክት የሚባለውን አፕ ጫኑ። ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር የተባለው ቺፕ ሠሪ የሚያወጣው ነፃ አፕ ነው። ብሉቱዝን አብሩና ስካን በሉ። አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በፊት ያለው ስልክ ከያዛችሁ ሎኬሽንንም አብሩ፤ አለበለዚያ ዝርዝሩ ባዶ ይሆንባችኋል። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የመፈለግ ፈቃድ ለብቻው ተለይቷል።

መጀመሪያ የሚገርማችሁ ብዛቱ ነው። ሰዓት፣ ቴሌቪዥን፣ የማዳመጫ ሣጥን፣ ስም የለሽ ነገሮች። ሁሉም «አለሁ፣ አለሁ» እያሉ ነው። ይህ ማስታወቅ ይባላል። ቢኤልኢ ከ40ዎቹ ቻናሎች ሦስቱን ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጧል፤ 37፣ 38 እና 39። ቁጥራቸው ተከታታይ ይሁን እንጂ አየር ላይ የተቀመጡት ተራርቀው ነው፤ 2402፣ 2426 እና 2480 ሜጋኸርዝ ላይ። ለምን እዚያ? የዋይፋይ 1፣ 6 እና 11ን አስቧቸው። ሦስቱ ማስታወቂያ ቻናሎች የገቡት በወፍራሞቹ ጠርዝና ክፍተት ነው። የመንገዱን አቀማመጥ ያየ መሐንዲስ ሥራ ነው፤ እኔ ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንዱን መሣሪያ መርጣችሁ ዝርዝሩን ክፈቱ። መልእክቱ በጣም አጭር መሆኑን ታያላችሁ። በተለመደው ዓይነት ማስታወቂያ ውስጥ ለዳታ ያለው ቦታ 31 ባይት ነው። ስም፣ የአምራቹ ቁጥር፣ የሚሰጠው አገልግሎት፣ በቃ። ትልቁ ፓኬት እንኳ አየር ላይ የሚቆየው 376 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ መሣሪያው ሬዲዮውን ዘግቶ ይተኛል። ከ20 ሚሊ ሰከንድ እስከ 10.24 ሰከንድ ባለው መካከል አምራቹ የመረጠው ጊዜ ሲደርስ ነቅቶ እንደገና ይጮሃል። አንዲት የእጅ ሰዓት ባትሪ የሚያህል ነገር አንድን ሴንሰር ለወራት የምታቆየው በዚህ ነው። ቢኤልኢ የሚቆጥበው በመተኛት ነው።

አፑ ላይ በማስታወቂያዎቹ መሀል ያለውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ታገኙታላችሁ። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ቁጥሩ ትንሽ ይዋዥቃል። 100 ከሆነ አንዴ 103፣ አንዴ 108 ይላል። ብልሽት አይደለም። ስታንዳርዱ በየዙሩ ከ0 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚደርስ የዕጣ መዘግየት እንዲጨመር ያዛል። ሁለት ሰዎች በር ላይ ሲገጣጠሙ «ይለፉ»፣ «እርስዎ ይለፉ» ተባብለው እንደገና አብረው እንደሚነሱት አስቡት። ሁለት መሣሪያዎች በአጋጣሚ እኩል ቢጮሁና እኩል ቢጠብቁ ለዘላለም እየተጋጩ ይኖሩ ነበር። ዕጣው ያላቅቃቸዋል።

ሌላም ሞክሩ። የራሳችሁን ሁለተኛ ስልክ ወይም ሰዓት አድራሻ ጻፉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች አድራሻቸውን በየ15 ደቂቃው ገደማ ይቀይራሉ። አንድ ሰው የት የት እንደሄደ በአድራሻው እየተከተሉ እንዳይሰልሉት ነው። አይፎን የያዛችሁ ግን እውነተኛውን አድራሻ መጀመሪያውኑ አታዩም፤ ስልኩ በራሱ መለያ ይተካዋል።

3ኛ እርምጃ፦ ዲቢኤምን ማንበብ

ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር አለ። -45፣ -72፣ -91 የመሳሰለ። የሲግናል ጥንካሬ ነው፤ መለኪያው ዲቢኤም ይባላል። 0 ማለት አንድ ሚሊዋት ነው። በየ10 ቁጥሩ ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፣ በየ3 ቁጥሩ ደግሞ በግማሽ። እንግዲህ -70 ማለት ከአንድ ሚሊዋት አሥር ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ነው። ስልካችሁ ይህንን ሰምቶ ይገባዋል። እኔ አሁንም ይገርመኛል።

ማዳመጫችሁን ወይም ሰዓታችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ስልኩን አንድ ሜትር ላይ ያዙ። ቁጥሩን ጻፉ። ወደ ሁለት ሜትር ሂዱ፤ ምንም በሌለበት ሜዳ 6 ያህል መውረድ ነበረበት፣ ርቀት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አንድ አራተኛ ይሆናልና። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ልክ አይመጣላችሁም። አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ እንዲያውም ይጨምራል። አሁን ሳትንቀሳቀሱ ጀርባችሁን ወደ መሣሪያው አዙሩ። ቀጥሎ መሣሪያውን በሁለት እጃችሁ ጨብጡት። በርቀት ካያችሁት የበለጠ ለውጥ በአንድ ጭብጥ ልታዩ ትችላላችሁ።

ምንም ሳትነኩትም ቁጥሩ ይዘላል። ሞገዱ ከግድግዳ፣ ከወለል፣ ከጣራ እየተንፀባረቀ ይመጣል፤ አንዱ ሌላውን ያግዛል ወይም ያጠፋዋል። ሦስቱ ማስታወቂያ ቻናሎችም እያንዳንዳቸው በተለያየ ሞገድ ስለሚሄዱ ውጤቱ ይለያያል። ስለዚህ «ዕቃህ 3.2 ሜትር ላይ ነው» የሚል በሲግናል ጥንካሬ ብቻ የሚሠራ አፕ ካጋጠማችሁ ነጥቧን አትመኗት። ቅርብ፣ መሀል፣ ሩቅ ከሚለው አልፎ መሄድ ይቸግረዋል።

ርቀትን በእውነት የሚለካው ዩደብሊውቢ ነው። ጥንካሬን ትቶ ጊዜን ይቆጥራል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ዩደብሊውቢ 500 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ላይ የተዘረጉ እጅግ አጫጭር ምቶች ይልካል፤ ምቱ ስለታም ስለሆነ የደረሰበትን ቅጽበት በትክክል መያዝ ይቻላል። ስልኩ ወደ ጠፋው ቁልፍ በቀስት የሚመራችሁ በዚህ ነው።

4ኛ እርምጃ፦ መገናኘት

አሁን የራሳችሁ የሆነ የቢኤልኢ መሣሪያ ምረጡና ኮኔክት በሉ። የራሳችሁ የምለው በምክንያት ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ዝርዝሩ ላይ ስለታየ ብቻ መንካት ነውር ነው፤ በብዙ አገርም ሕግ ያስጠይቃል።

ከተገናኛችሁ በኋላ በሌላ ስልክ ስካን አድርጉ። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ከዝርዝሩ ይጠፋል። የሚያወራው ሰው ስላገኘ መጮሁን አቁሟል። «ማዳመጫዬ ስልኬ ላይ አልመጣ አለ» ከሚሉኝ ሰዎች ግማሾቹ ይህ ነው የያዛቸው፤ ማዳመጫው ቦርሳ ውስጥ ካለው ላፕቶፕ ጋር ጨዋታ ይዟል። ላፕቶፑ ላይ ብሉቱዝ አጥፉ፣ ይመጣል።

ግንኙነቱ ሲጀመር ሁለቱ ቀጠሮ ይይዛሉ። በየስንት ጊዜው እንገናኝ? ከ7.5 ሚሊ ሰከንድ እስከ 4 ሰከንድ ነው ምርጫው። ጌም መጫወቻ አጭሩን ይፈልጋል፣ የሙቀት መለኪያ ረጅሙን። በየቀጠሮው ወደ ሌላ ቻናል ይዘላሉ፤ ለዳታ የቀሩት 37 ቻናሎች ናቸው። የትኛው ቻናል በዋይፋይ እንደተጨናነቀ ካወቁ ከዝርዝራቸው ሰርዘው በቀሩት ብቻ ይዘላሉ። ይህ ብልሃት ክላሲክ ብሉቱዝ ላይ የገባው በ1.2 ሥሪት፣ በ2003 ነው።

አፑ ላይ አሁን የምታዩት የአገልግሎቶች ዝርዝር ነው። እንደ ቁም ሣጥን አስቡት። አገልግሎቱ መሳቢያው ነው፤ ውስጡ ያሉት እሴቶች ደግሞ ዕቃዎቹ። የባትሪ አገልግሎት የሚለውን ፈልጉና ወደ ታች የሚያመለክተውን የማንበቢያ ቀስት ንኩ። አንድ ባይት ትመጣለች። 64 ብሎ ጥሬውን ካሳያችሁ አትደንግጡ። የ16 ቤት ቁጥር ስለሆነ 6 ጊዜ 16 ሲደመር 4፣ 100 በመቶ ማለት ነው። 32 ካለ ግማሽ ላይ ነው። ስልካችሁ የቢኤልኢ መሣሪያችሁን ባትሪ ሲያሳያችሁ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከዚህች አንዲት ባይት ነው።

ከማንበቢያው አጠገብ የማሳወቂያ (ኖቲፋይ) ምልክት ካለ እሱን ንኩ። «በየጊዜው አልጠይቅህም፤ ሲቀየር ራስህ ንገረኝ» ማለት ነው። የልብ ምት ቀበቶ ካላችሁ በጣም ያስደስታል፤ ደረጃ ወጥታችሁ ተመለሱና ቁጥሩ ሲወጣ እዩት። መጻፊያውን ምልክት ግን ምን እንደሚያደርግ ካላወቃችሁ አትንኩ። አንዳንዱ መሣሪያ የተጻፈለትን ሁሉ ያምናል።

5ኛ እርምጃ፦ ማጣመር

መገናኘትና ማጣመር አንድ አይደሉም። እስካሁን ያደረግነው ሰላምታ ነው። ማጣመር ደግሞ ሁለቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ ፈጥረው በየቤታቸው የሚያስቀምጡበት ሥርዓት ነው። ከ2014ቱ ብሉቱዝ 4.2 ወዲህ ቢኤልኢም ቁልፉን የሚፈጥረው ሁለቱ የአደባባይ ቁጥር ተለዋውጠው እያንዳንዳቸው ለየብቻ አንድ ዓይነት ሚስጥር በሚያሰሉበት ሒሳብ ነው። መሀል ላይ ጆሮ የጣለ ሰው የተለዋወጡትን ቢሰማም ሚስጥሩን አያወጣም።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ሰውየው ማዳመጥ ብቻ ሳይሆን መሀል ገብቶ ለአንዱ ሌላውን መስሎ ቢቀርብስ? ለዚህ ነው ሁለት ስክሪኖች ላይ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር የሚወጣው። ብዙ ሰው የይለፍ ቃል ይመስለዋል። አይደለም። ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ከሆነ መሀል የገባ የለም ማለት ነው። ጎረቤት ቢያየው ግድ የለም፤ ሳታወዳድሩ «እሺ» ማለቱ ግን ሥርዓቱን ከንቱ ያደርገዋል። ኪቦርድ ስታጣምሩ ተይቡ የምትባሉት ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ድረስ ሚስጥር ነው። ስክሪንም ቁልፍም የሌላቸው ማዳመጫዎች ምንም ሳይጠይቁ ይጣመራሉ። ማወዳደሪያ ስለሌላቸው ነው። እነሱን ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ሳይሆን ቤታችሁ አጣምሯቸው።

«ተጣምሯል ይላል ግን አይገናኝም» ለሚለው ችግር መድኃኒቱ እዚህ ነው። አንደኛው ወገን ቁልፉን ጥሎታል፤ ማዳመጫው ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ሌላኛው አሮጌውን ቁልፍ ይዞ በር ያንኳኳል። ስልኩ ላይ ብቻ «እርሳ» ማለት አይበቃም። ከሁለቱም ላይ ሰርዙና ከዜሮ ጀምሩ።

6ኛ እርምጃ፦ ድምፁ ለምን ተበላሸ?

ሙዚቃ የሚሄደው አሁንም በአብዛኛው በክላሲክ ብሉቱዝ ነው። በየ625 ማይክሮ ሰከንዱ ቻናል ሊቀይር ይችላል፤ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ማለት ነው። በዝላይ መነጋገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 የፈጠራ መብት ባገኙበት ንድፍ ውስጥ 88 ፍሪኩዌንሲ ነበር፤ የፒያኖ ቁልፎችን ቁጥር። ብሉቱዝን እነሱ ፈጠሩት የሚለው ወሬ ግን የተጋነነ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1990ዎቹ ስዊድን ውስጥ፣ ኤሪክሰን ቤት ነው። ስሙን ያመጣው የኢንቴሉ ጂም ካርዳች ሲሆን ከዴንማርኩ ንጉሥ ከ«ሰማያዊ ጥርሱ» ሃራልድ የተወሰደ ነው።

ወደ ሙከራው እንግባ። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ስለ ስልኩ የሚለው ገጽ ውስጥ ገብታችሁ የሥሪት ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ንኩ። የገንቢ አማራጮች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ የብሉቱዝ ኦዲዮ ኮዴክን ፈልጉ። ኤስቢሲ፣ ኤኤሲ ወይም ኤልዳክ ታያላችሁ። ኮዴክ ማለት ድምፁ በቀጭኑ መንገድ እንዲያልፍ የሚጨመቅበት ዘዴ ነው። ኤስቢሲን ሁሉም ይችለዋል። ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይወጣል፤ ሰው በበዛበት ቦታ ግን ያ ሁሉ ዳታ መንገድ ስለሚያጣ ይቆራረጣል። ማዳመጫችሁ ውጭ ሲንተባተብ ወደ ኤኤሲ ወይም ኤስቢሲ ዝቅ አድርጉት። ጥራቱ መቀነሱን ጆሯችሁ ላይለየው ይችላል፤ መቆራረጡን ግን በእርግጥ ይለየዋል።

ቀጥሎ ማዳመጫውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኙ፣ ሙዚቃ ክፈቱ፣ ከዚያ የቪዲዮ ስብሰባ ጀምሩ። ሙዚቃው በድንገት እንደ አሮጌ ስልክ ድምፅ ይሆናል። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ክላሲክ ብሉቱዝ ሙዚቃ ብቻ ከሚያስኬደው መንገድ ወጥቶ ወደ ስልክ ጥሪው መንገድ ይዛወራል። እዚያ ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ በአብዛኛው በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ናሙና ብቻ ነው የሚወሰደው። ሙዚቃ ግን 44.1 ሺህ ነበረው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የስብሰባው አፕ ውስጥ ማይክሮፎኑን ወደ ላፕቶፑ የራሱ ማይክ ቀይሩ፣ ማዳመጫውን ለመስማት ብቻ ተጠቀሙበት። በ2020 ይፋ የሆነው አዲሱ የቢኤልኢ ኦዲዮ ኤልሲ3 በተባለ ኮዴክ ይህን ችግር ለማቃለል የመጣ ነው፤ ግን ስልኩም ማዳመጫውም ሊችሉት ይገባል።

7ኛ እርምጃ፦ ኤንኤፍሲ፣ ባትሪ የሌለው ተናጋሪ

ኤንኤፍሲ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። የሚሠራበት 13.56 ሜጋኸርዝ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 22 ሜትር ይሆናል። በአራት ሴንቲ ሜትር ላይ 22 ሜትር ሞገድ ምን ይሠራል? እንደ ሞገድ አይሠራም። የስልኩ ጥምዝ ሽቦ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ የተለጣፊዋ ጥምዝ ሽቦ ያንን መስክ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ በዚያው ቺፗ ትነቃለች። ለመመለስም የራሷ ኃይል የላትም። በመስኩ ላይ የምትጥለውን ሸክም ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ ስልኩ ያቺን ለውጥ ራሱ ሽቦ ላይ ያነባታል። እንግዲህ ስልኩ ኃይሉን ይሰጣል፣ መልሱንም ይሰማል።

መጀመሪያ አንቴናው የት እንዳለ ፈልጉ። ተለጣፊዋን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ስልኩን በቀስታ አንሸራቱት። አይፎን ላይ ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ነው፤ አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ ከጀርባው መሀል ወይም ከካሜራው አጠገብ። «ካርዱን አያነብልኝም» የሚለው ስሞታ እዚህ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ኤንኤፍሲ ቱልስ በሚባለው አፕ አጭር ጽሑፍ ወይም ሊንክ ጻፉባት። ኤንታግ213 የሚባለው ዓይነት 144 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ፎቶ አይታሰብም። የመቆለፊያውን አማራጭ አትንኩ፣ ከተቆለፈች ወዲያ መመለሻ የላትም። እኔ ሁለቱን በዚህ ሁኔታ አበላሽቻለሁ።

አሁን ተለጣፊዋን ብረት ላይ ለጥፉና ሞክሩ። ትሞታለች። ብረቱ ውስጥ የሚነሳው ዙሪያ ጥምጥም ጅረት መስኩን ያጠፋዋል። ብረት ላይ መለጠፍ ከፈለጋችሁ ከጀርባዋ ፌራይት (መስኩን ከብረቱ የሚከልል ንብርብር) ያላት ዓይነት ግዙ።

8ኛ እርምጃ፦ ቤቱን ማስታረቅ

ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አየሩ ከተያዘ ይጠብቃል፣ ከዚያም በዕጣ ጥቂት ቆይቶ ይናገራል። ብሉቱዝ አያዳምጥም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተናግሮ ይዘላል። አንዱ ተራ ጠባቂ፣ ሌላው አቋራጭ አዋቂ። አብረው መኖር ይችላሉ፣ ግን ካገዛችኋቸው ነው። በዋይፋይ መመርመሪያ አፕ ጎረቤቶቻችሁ የትኛው ቻናል ላይ እንዳሉ እዩ። ራውተራችሁን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ብዙ ሰው በሌለበት ላይ አድርጉት። 3 ወይም 4 ባዶ ነው ብላችሁ አትግቡ፤ ከሁለት ወገን ትመታላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ላፕቶፕና ቴሌቪዥኑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ነው። 2.4 ለብሉቱዝና ለትናንሾቹ ይቅር።

የዚግቢ አምፖሎች ካሏችሁ ቻናላቸውን 15፣ 20፣ 25 ወይም 26 አድርጉ፤ በሦስቱ ዋይፋዮች ክፍተት የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ዚግቢ 802.15.4 በሚባለው ስታንዳርድ ላይ የቆመ ሲሆን ፍጥነቱ 250 ኪሎ ቢት ብቻ ነው። ጉልበቱ መቀባበል ላይ ነው። ከመብራት መስመር የሚሠራ አብዛኛው አምፖል የሌላውን መልእክት ያቀብላል። ስለዚህ አንድ ሰው በግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ሲያጠፋው የጠፋው መብራቱ ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው ያለው የበር ሴንሰርም ድልድዩ ተሰብሮበታል። «ሴንሰሩ ማታ ማታ ይጠፋል» ሲባል መጀመሪያ የማየው ያንን ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

9ኛ እርምጃ፦ ውስጡን ማየት ለሚፈልጉ

ይህ ለሁሉም አይደለም። አንድሮይድ የገንቢ አማራጮች ውስጥ የብሉቱዝ ኤችሲአይ ምዝግብ የሚል አለ። አብሩት፣ ብሉቱዝን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ችግሩን ፍጠሩት፣ ከዚያ የሳንካ ሪፖርት አውጡ። ከሪፖርቱ ውስጥ የሚገኘውን የብሉቱዝ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ዋየርሻርክ በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱ። ስልኩና የብሉቱዝ ቺፑ የተባባሉት ሁሉ መስመር በመስመር ይወጣል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ምክንያቱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ጊዜው አልፎ ነው ወይስ ሌላኛው ወገን ራሱ ዘጋ የሚለው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ርቀትን፣ አካልንና ጩኸትን ጠርጥሩ። ሁለተኛው ከሆነ የመሣሪያውን ባትሪና ሶፍትዌር እዩ።

ምዝግቡ ግን የሚቀዳው መልእክቱ ከመመስጠሩ በፊት ነው። በብሉቱዝ ኪቦርድ የተየባችሁት የይለፍ ቃል እንዳለ ውስጡ ይቀመጣል። ፋይሉን ለእርዳታ ብላችሁ ለማንም ከመላካችሁ በፊት ይህን አስቡ፣ ስትጨርሱም ምዝግቡን አጥፉት።